ከቁልፉ በስተጀርባ፦ የዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት መማሪያ ሥርዓት እንዴት ይሠራል?

ዕለቱ ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ይህ ጸሐፊ ለሚያስተምራቸው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በኢንተርኔት መማሪያ ሥርዓት አማካይነት የቤት ሥራ ሰጥቷል። በገጹ ላይ የሰፈረው የማስረከቢያ ጊዜ «ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14፣ 2025፣ 12:00 ኤኤም» የሚል ነው። አንዲት ተማሪ ሥራዋን አጠናቃ በዚያው ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ አስገባች፤ እስከ 12 ሰዓት ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረኛል ብላ ነው። ሥርዓቱ ግን በቀይ ቀለም «17 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ዘግይቷል» ሲል መዘገበባት። በኮርሱ ደንብ መሠረት ጊዜው ያለፈበት ሥራ ግማሽ ነጥቡን ያጣል። ተማሪዋ በማግስቱ ወደ ቢሮ መጥታ «መምህር፣ እኔ እኮ አልዘገየሁም» ስትል የሰጠናት የመጀመሪያ መልስ፣ ማሽን አይሳሳትም የሚል እንደነበረ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ማሽኑ በእርግጥ አልተሳሳተም ነበር። ተማሪዋም አልተሳሳተችም። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ በመካከላቸው የአሥራ ሰባት ሰዓት ልዩነት ሊፈጠር የቻለበትን ምክንያት ለመረዳት በየቀኑ የምንጠቀምበት ሥርዓት ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ለማመልከት የተዘጋጀ አይደለም፤ እርሱን ተማሪው በሁለት ቀን ውስጥ ራሱ ይደርስበታል። ዓላማችን ቁልፉ ከተጫነ በኋላ የሚሆነውን መግለጽ ነው።

ሥርዓቱ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተርን ለማስተማሪያነት የመጠቀም ሐሳብ ከኢንተርኔት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባሉ መሐንዲስ ፕላቶ የተሰኘውን ሥርዓት ሠርተው ተማሪ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ጥያቄ የሚመልስበትን መንገድ ከፈቱ። ዛሬ በብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአገራችንም ጭምር፣ በሥራ ላይ የሚገኘው ሙድል የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ በፐርዝ ከተማ የጀመሩት ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ ዕትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ነው። የምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በመሆኑም አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሶፍትዌሩ ፈቃድ ሳይከፍል በራሱ ሰርቨር ላይ ሊጭነው፣ እንደ ፍላጎቱም ሊያሻሽለው ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ችግር ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ የገጽ ለገጽ ትምህርት በተቋረጠ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በብዙ ቦታ የተረሳ ዕቃ የነበረው ይህ ሥርዓት በድንገት ተፈላጊ ሆነ።

በአጭሩ ሥርዓቱ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማን ምን እንደተመዘገበ፣ ምን እንዳስገባና ስንት እንዳገኘ የሚይዝ የመረጃ ቋት፤ ሁለተኛው ፋይሎች የሚከማቹበት መጋዘን፤ ሦስተኛው ከእነዚህ ሁለቱ እየቀዳ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱን ገጽ በዚያው ቅጽበት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ተማሪው የሚያየው ገጽ የሆነ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም፤ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ሰዓቱ

በመረጃ ቋቱ ውስጥ «ማክሰኞ» የሚባል ነገር የለም። ጥርም ጃንዋሪም የለም። ያለው አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ፣ በዓለም አቀፉ የሰዓት መነሻ አቆጣጠር፣ ያለፉት ሰከንዶች ብዛት ነው። የዚያ የቤት ሥራ የማስረከቢያ ጊዜ በቋቱ ውስጥ 1736802000 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ ገጹን በሚያዘጋጅበት ጊዜ ይህን ቁጥር ወስዶ፣ በተጠቃሚው የግል መረጃ ላይ የተመዘገበውን የሰዓት ክልል ተመልክቶ፣ ለአዲስ አበባ ከሆነ ሦስት ሰዓት ደምሮ፣ በመጨረሻም ወደ ቀንና ሰዓት ተርጉሞ ያሳያል። የሰዓት ክልሉ በስሕተት ለንደን ተብሎ የተመዘገበበት ተማሪ በክረምት ወራት ሁሉንም ነገር ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያያል። ጊዜው ግን ለሁሉም ያው አንድ ቁጥር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከትርጉሙ በኋላ ነው። «12:00 ኤኤም» በፈረንጆች አቆጣጠር እኩለ ሌሊት፣ የአዲሱ ቀን የመጀመሪያ ቅጽበት ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ እኩለ ሌሊት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ያ ሌሊት የሚቆጠረው ባለፈው ቀን ነው። ስለዚህ «ማክሰኞ 12:00 ኤኤም» የተባለው ቅጽበት በእኛ ዘንድ ሰኞ፣ ጥር 5፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የዕለቱም ስም፣ የወሩም ቀን፣ ሰዓቱም ሦስቱም ተለያዩ። ይህን ጽሑፍ በአበሻ ዓይን ያነበበ ሰው ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ሊለው ይችላል፤ ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓትም ሊለው ይችላል። ተማሪዋ የያዘችው ሁለተኛውን ነበር።

ለመሆኑ መምህሩ ለምን እኩለ ሌሊትን መረጠ? አልመረጠም። በሙድል አዲስ የቤት ሥራ ሲፈጠር የማስረከቢያ ጊዜው በራሱ ከሳምንት በኋላ ባለው ቀን 00:00 ላይ ተሞልቶ ይመጣል። መምህሩ ቀኑን አስተካክሎ የሰዓቷን ሣጥን ሳይነካ ካለፈ የቀኑ መጨረሻ ያደረገ እየመሰለው የቀኑን መጀመሪያ ያደርጋል። ተማሪ ሆይ፣ በማስረከቢያ ጊዜ ላይ 12:00 ኤኤም ካየህ ወይም ካየሽ፣ መምህሩ አስቦ ያስቀመጠው ላይሆን እንደሚችል ጠርጥሮ መጠየቅ አያሳፍርም። 11:59 ፒኤም ከሆነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ በዚያው ዕለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብ አለ። ሥርዓቱ ሁለት ዓይነት የጊዜ ገደብ ያውቃል። የመጀመሪያው ካለፈ ሥራው ይቀበላል፣ ነገር ግን «ዘግይቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ሁለተኛው ካለፈ በሩ ይዘጋል። አንዳንድ መምህር አንደኛውን ብቻ ይሞላል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። የመጀመሪያው ጊዜ ስላለፈ ብቻ ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ሳያስገባ የቀረ ተማሪ አጋጥሞናል፤ በሩ ግን ክፍት ነበር።

ባለ ቁጥሯ ካርድ

በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳችንን አስረክበን አንዲት ባለ ቁጥር ካርድ እንቀበላለን። ዕቃ ጠባቂው መልካችንን አያስታውስም፤ ካርዷን ላሳየ ሁሉ ቦርሳውን ይሰጣል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ድረ ገጾች የሚተላለፉበት ደንብ በባሕርዩ መርሳት የሚያጠቃው ነው፤ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልተባለ አድርጎ ይቀበላል። ተማሪው የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ ካስገባ በኋላ በየገጹ ዳግም የማይጠየቀው፣ ሰርቨሩ ኩኪ የተባለች ባለ ቁጥር ካርድ ለመቃኛው ሶፍትዌር ስለሚሰጠውና መቃኛውም በእያንዳንዱ ጥያቄ ካርዷን ስለሚያሳይ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ካርዷ ዕድሜ አላት። ተማሪው ለተወሰነ ጊዜ ምንም ሳይጠይቅ ከቆየ ሰርቨሩ ካርዷን ይሰርዛል። ለተማሪው «ምንም አለመጠየቅ» ማለት ሥራ መፍታት አይደለም፤ ረጅም መልስ በሣጥኑ ውስጥ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ግን እስኪላክ ድረስ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በሰርቨሩ ላይ የለም። የአሁኖቹ ዕትሞች በየጊዜው ረቂቁን ቢያስቀምጡም፣ ረጅም ጽሑፍን በሌላ ፋይል ጽፎ በኋላ መገልበጥ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ ካርዷን የያዘ ሁሉ ባለቤቱ ነው። በኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ወይም በኢንተርኔት ቤት ተጠቅሞ ሳይወጣ የሄደ ተማሪ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል። ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው በእርሱ ስም ሥራ ማስገባትም፣ የገባውን ማጥፋትም ይችላል፤ ሰርቨሩ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መስኮቱን መዝጋት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። መውጫውን መጫን ካርዷን ይቀዳል።

ረቂቅና ርክክብ

ፋይል መጫንና ሥራ ማስረከብ በአንዳንድ ኮርሶች አንድ፣ በሌሎች ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህሩ «ተማሪው የማስረከቢያውን ቁልፍ ይጫን» የሚለውን ምርጫ ካበራ፣ የተጫነው ፋይል በረቂቅነት ይቀመጣል፤ ተማሪው ተመልሶ «ሰብሚት» የሚለውን እስኪጫን ድረስ አልተረከበም። ምርጫው ካልበራ ፋይሉ በተቀመጠበት ቅጽበት ተረክቧል። ተማሪው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በገጹ ላይ ያለውን የሁኔታ መስመር በማንበብ ብቻ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ላይ ጊዜ የምናጠፋው በየሴሚስተሩ «አስገብቼ ነበር» የሚሉ ተማሪዎች ስለሚመጡና ፋይላቸውም በረቂቅነት ስለሚገኝ ነው።

ከዚያ የፋይሉ ክብደት አለ። በእጅ የተሠራን የሒሳብ ቤት ሥራ በስልክ ካሜራ አንስቶ መላክ የተለመደ ሆኗል። አንድ ፎቶግራፍ አራት ሜጋባይት ይመዝናል እንበል፤ አሥር ገጽ አርባ ሜጋባይት ነው። የመላኪያው ፍጥነት በሰከንድ 512 ኪሎቢት ቢሆን፣ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ ሥራውን ለመላክ ከአሥር ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። በመካከል መስመሩ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ይላል። ያው አሥር ገጽ በስልክ ላይ በሚገኝ የስካን ፕሮግራም በጥቁርና ነጭ ተነሥቶ በአንድ ፒዲኤፍ ቢጠቃለል ወደ ሁለት ሜጋባይት ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ያልፋል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ ሁሉ እጅግ የቀለለ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ 1800 ፊደላት የያዘ ገጽ፣ ጽሑፉ ብቻ ከተቆጠረ፣ ከስድስት ኪሎባይት በታች ነው። የዚያው ገጽ ፎቶግራፍ ከአምስት መቶ እጥፍ በላይ ይከብዳል።

በመጨረሻው ሰዓት ሥርዓቱ ለምን እንደሚንቀራፈፍም ሳይንስ መልስ አለው። ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ኮፐንሃገን የስልክ ጥሪዎች ያወጡት ጥናት የወረፋ ንድፈ ሐሳብን መሠረት ጥሏል። እንደ ምሳሌ አንድ ሰርቨር በአማካይ በሰከንድ 20 ጥያቄዎችን ማስተናገድ ይችላል እንበል። ጥያቄዎች በዘፈቀደ የሚመጡ ከሆነ፣ በቀላሉ የወረፋ ሞዴል መሠረት አንድ ጥያቄ በአማካይ የሚወስደው ጊዜ ከማስተናገጃው ፍጥነት የመምጫውን ፍጥነት ቀንሶ አንድን ለቀሪው በማካፈል ይገኛል። በሰከንድ 10 ጥያቄ ሲመጣ ውጤቱ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ነው። 18 ሲመጣ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። 19 ሲመጣ አንድ ሰከንድ። 19.8 ሲመጣ ግን አምስት ሰከንድ። ልብ በሉ፤ ከ10 ወደ 18 ሲጨምር የተሰማው መዘግየት ትንሽ ነበር፤ ከ19 ወደ 19.8 የተጨመረው ከአንድ ያነሰ ጥያቄ ግን መዘግየቱን አምስት እጥፍ አደረገው። 20 ሲደርስና ሲያልፍ ወረፋው መጨረሻ የለውም። ትዕግሥቱ ያለቀ ተማሪ ገጹን ደጋግሞ ሲያድስ ደግሞ እያንዳንዱ ማደስ አዲስ ጥያቄ ሆኖ ወረፋውን ያስረዝማል፤ ያውም የራሱን ወረፋ።

ፈተና

በኢንተርኔት ፈተና ላይ ተማሪን ከሁሉ የሚያስጨንቀው የመብራትና የመስመር መቋረጥ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። በማያ ገጹ ላይ ወደ ታች የሚቆጥረው ሰዓት ምስል ብቻ ነው፤ እውነተኛው ቆጣሪ በሰርቨሩ ላይ ነው። ፈተናው በተጀመረበት ቅጽበት ሰርቨሩ አንድ ቁጥር ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የተማሪው ኮምፒዩተር ቢጠፋም፣ ቢሰበርም፣ መስኮቱ ቢዘጋም ጊዜው ይሄዳል። ይህ መጥፎው ዜና ነው። መልካሙ ዜና መልሶቹም በሰርቨሩ ላይ መኖራቸው ነው። ተማሪው ከገጽ ወደ ገጽ በተሻገረ ቁጥር የመለሰው ይቀመጣል፤ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቢቆይም ሙድል እንደ ተለመደው አሠራሩ በየደቂቃው አካባቢ በራሱ ያስቀምጣል። መብራት ከጠፋ፣ በጎረቤት ኮምፒዩተር ወይም በስልክ ገብቶ ያንኑ ፈተና ካቆመበት መቀጠል ይቻላል፤ የሚጠፋው ቢበዛ የመጨረሻዋ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጊዜው ሲያልቅ የሚሆነው በመምህሩ ምርጫ ይወሰናል። በተለመደው ምርጫ የተቀመጡት መልሶች በራሳቸው ይረከባሉ። ነገር ግን ተማሪው ራሱ ካላስረከበ ፈተናው እንዳልተፈተነ የሚቆጠርበት ምርጫም አለ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ የተማሪው፣ አስቀድሞ መናገር የመምህሩ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ፈተናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ክፍት ቢሆንና የተፈቀደው ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን፣ 2 ሰዓት ከ40 ላይ የጀመረ ተማሪ የሚያገኘው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ከሁለቱ ገደቦች ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል።

«ፀሐይ» በስንት መንገድ ይጻፋል?

እስካሁን ያነሣናቸው ነገሮች የየትኛውም አገር ተማሪ ሊገጥሙት የሚችሉ ናቸው። ይኸኛው ግን የእኛ ብቻ ነው፤ በየትኛውም የአጠቃቀም መመሪያ ላይም አላገኘነውም።

መምህሩ ተማሪው በአጭሩ ጽፎ የሚመልሰውን ጥያቄ ሲያዘጋጅ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ያስገባል፤ ማሽኑም የተማሪውን መልስ ከዚህ ጋር ያመሳክራል። ማመሳከሩ ግን በድምፅም በትርጉምም አይደለም፤ በፊደል ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ደረጃ ለግዕዝ ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷል። «ጸ» እና «ፀ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም እንዲሁ፤ «ሰ» እና «ሠ»ም፤ «አ» እና «ዐ»ም።

አሁን «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ያነብባቸዋልና። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው። መምህሩ አንዱን ብቻ ካስገባ፣ አሥራ አንዱን የጻፉ ተማሪዎች የሚያውቁትን መልስ መልሰው ዜሮ ያገኛሉ። «ሥነ ሕይወት» ብንል፣ የመጀመሪያው ፊደል ሁለት፣ «ሕ» ሦስት ምርጫ አላቸው፤ ክፍተት መኖሩና አለመኖሩም ሲታከል እንደገና አሥራ ሁለት። «ዓይን» አራት መልክ አለው። የቃላት መለያው ሁለት ነጥብ «፡» ከባዶ ክፍተት የተለየ ምልክት መሆኑም አይዘንጋ፤ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮሎን አጠጋግቶ የሚጽፍ ሰውም በዓይን ሲታይ ያው ቢመስልም በማሽኑ ዘንድ ሌላ ነገር ጽፏል።

የሊቃውንቱ አጻጻፍ የትኛው ነው የሚለው ክርክር የተከበረ ክርክር ነው፤ ቦታው ግን የፊዚክስ ፈተና አይደለም። መፍትሔው በመምህሩ እጅ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ብዙ ትክክለኛ መልሶችን ማስገባት ይቻላል፤ ወይም ጥያቄውን ወደ ምርጫ መለወጥ። ተማሪው ማድረግ የሚችለው፣ ዜሮ ባገኘበት ጥያቄ ላይ የራሱን መልስና የማሽኑን መልስ ጎን ለጎን አስተያይቶ ልዩነቱ የፊደል ብቻ ከሆነ ማመልከት ነው። መምህሩ ውጤቱን በእጅ ማረም ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፊደሎች የተጻፉ ፋይሎችንም እናንሣ። እነዚህ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ይታያል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተገኘ ጽሑፍ ለማስገባት የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠው፤ ቅርጹ አብሮ ይጓዛል።

ራስን መፈተን

ብዙ ተማሪዎች ሥርዓቱን እንደ ፋይል ማውረጃ ብቻ ያዩታል፤ የመምህሩን ማስታወሻ አውርደው ሁለተኛ አይመለሱም። የሚያጡት የመለማመጃ ጥያቄዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት አንድ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት አንባቢዎች ተሰጠ። አንደኞቹ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አጠኑት። ሌሎቹ አንድ ጊዜ አጥንተው ሁለተኛውን ጊዜ የሚያስታውሱትን በመጻፍ ራሳቸውን ፈተኑበት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለኩ ሁለት ጊዜ ያጠኑት 81 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ያጠኑት 42 በመቶ፣ የተፈተኑት 56 በመቶ። ደጋግሞ ማንበብ የማወቅ ስሜትን ይሰጣል፤ ፈተናው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም የሚመጣው። ነጥብ የማይያዝበት የመለማመጃ ፈተና በኮርሱ ገጽ ላይ ካለ እርሱን ሦስት ጊዜ መሥራት ማስታወሻውን ስድስት ጊዜ ከማንበብ ይሻላል ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል፤ የቁጥሩ ግምት የራሱ ነው።

የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ለሚከብደው ተማሪ ደግሞ የሙድል የስልክ መተግበሪያ የኮርሱን ይዘት በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ አውርዶ በኋላ ያለ መስመር ለማንበብ ያስችላል። ፈተናን ያለ መስመር መሥራት ግን የሚቻለው መምህሩ ከፈቀደ ብቻ ነው።

መዝገቡ

ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ እንቅስቃሴ ይመዘግባል። ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር፣ የትኛውን ገጽ ከፈተ፤ ይህን ሁሉ መምህሩ ማየት ይችላል። የተከፈተው ገጽ መነበቡን ግን መዝገቡ አያውቅም፤ ገጹን ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የሄደም እንዳነበበ ይታያል። መዝገቡን እንደ ሰላይ ብቻ የሚፈራ ተማሪ ግማሹን ነው ያየው፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክሩም እርሱ ነው።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ነገር የተፈታውም በመዝገቡ ነው። ሁለተኛ ቀን ስንከፍተው ሰኞ ሌሊት ከ6 ሰዓት በፊት ያስገቡት ጥቂቶች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተከታትለው ማስገባታቸውን አየን። ስሕተቱ የሰዓቷን ሣጥን ሳይነካ ያለፈው የዚህ ጸሐፊ ነበር። የማስረከቢያውን ጊዜ ማክሰኞ 6:00 ፒኤም፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት አድርገን አስተካከልነው። በቋቱ ውስጥ 1736802000 የነበረው ቁጥር 1736866800 ሆነ። የተማሪዋ ማስረከቢያ ቁጥር 1736865600 እንደ ነበረ ነው፤ እርሱን ማንም አልነካውም። አስቀድመን እንዳልነው ገጹ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራልና፣ «ዘግይቷል» የሚለው ቃል የትም ተጽፎ የተቀመጠ አልነበረም፤ የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ነበር። ገጹን ስናድሰው ቀዩ ቀለም ወደ አረንጓዴ ተለውጦ «20 ደቂቃ ቀድሞ ገብቷል» ይል ነበር።